ኩርባ የማይወድ መሪ

«ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደህና ነው» አለ የአሮጌዋ መኪና ባለቤት። «ኩርባ ላይ ግን መሪው ነከስ ያደርግና አልዞርም ይላል። የመሪውን ካሳ፣ ጥርሶቹ ያሉበትን ሳጥን፣ የዛሬ ወር ነው አሮጌ ገዝቼ ያስገባሁት።»

መካኒኩ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ካሳውን ሲፈታ የታናሽ ወንድሙ ነገር መጣበት። ኩርባ በተነሳ ቁጥር ይመጣበታል። ጌትነት ከሦስት ዓመት በፊት ኩርባ ላይ ሳይዞር፣ ቀጥ ብሎ ከነመኪናው ገደል ገባ። ለቀስተኛው «እንቅልፍ ወስዶት ነው» ብሎ አጽናናው፤ እሱም እንቅልፍን ሲረግም ኖረ።

ካሳውን ከፍቶ ጣቱን ሰደደ። የመሪውን ጨዋታ፣ ልል መሆኑን፣ ለማጥፋት አንድ ሰው ቡሽንግ የሚባለው የተበላ የብረት ቀለበት ሥር ቆዳ ጠቅጥቆበታል። ቆዳው ተንሸራቶ ጥርሱ መሃል ገብቷል።

«የማን ሥራ ነው ይሄ?» አለ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ።

መካኒኩ ቆዳውን በቤንዚን አጠበው። ቡናማ ነው፤ ጠርዙ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ከዚያ የወገቡን ቀበቶ ፈታና፣ ያኔ ለጌትነት «አዲሱ ቡሽንግ እስኪገኝ ይሄ ያቆይሃል» ብሎ በመቀስ ከቆረጠው ጫፍ ጋር አስጠጋው።

ስፌቱ ከስፌቱ ገጠመ።