የቆመችው እርግብ

ፎቶ አንሺው ከጣሪያው ላይ ካሜራውን ወደ እርግቧ አነጣጠረ። እንኳን እርግብ መብረቅንም አየር ላይ ገትሬ አስቀራለሁ ሲል የሰፈሩ ሰው ቀርቶ ውሾቹም ሰልችተውታል። የሻተሩን፣ የካሜራውን መክፈቻና መዝጊያ፣ ፍጥነት የሰከንድ አንድ ሁለት ሺህኛ ላይ አደረገ፤ ሰማዩ ስለደመቀ ወፏ እንዳትጠቁር ብርሃን ጥቂት ጨመረላት።

«ቅድም በዚሁ ልክ ሞክሬዋለሁ፤ ጥርት ብሎ ነው የወጣው» አለ።

«ዛሬም ጭራ ብቻ ታነሳለህ» አለው የሚስቱ ወንድም። «ይልቅ እህቴ ሻዩን የት አደረሰችው? ስጠራት አትመልስም።»

«አኩርፋ ይሆናል።»

ቀጭ አደረገው። እርግቧ ክንፏን እንደዘረጋች አየር ላይ ቀረች። አልወደቀችም፤ አንድ ላባዋም አልተነቃነቀም። አብራት ስትበር የነበረችው ሌላዋ እርግብ ብቻ ዙሪያዋን ትዞር ነበር። ፎቶ አንሺው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ካሜራውን አጠፋ፣ ባትሪውንም አወጣ። እርግቧ እዚያው ነበረች።

«ቅድም የሞከርከው ምን ላይ ነው?» አለ የሚስቱ ወንድም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የዚያ ሁሉ ፉከራ ባለቤት ካሜራውን ከአንገቱ አወለቀ። ቅድም ወጥ ቤት ገብቶ፣ ሚስቱ ከማንቆርቆሪያው ሻይ ስትቀዳ ነበር ያነሳት። እየሳቀችበት ነበር።

ሁለቱም ወደ ደረጃው ዞሩ። ቀድሞ የሚወርድ ግን ጠፋ።