የቦክሰኛው መልስ

መነጽር ሠሪው የመስታወት ገንዳውን ያስቀመጠው ሳሎን ውስጥ፣ የእናቱን ክፍል ከሚለየው ስስ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ነው። ሌላ ቦታ አልነበረም። ጨዋማው ውኃ ውስጥ የሚኖረው ማንቲስ ሽሪምፕ የሚሉት አንድ የባሕር ፍጥረት ብቻ ነው። ጣት ቢያህል ነው፤ ክንዱ ግን የቀንድ አውጣ ቅርፊት በአንድ ምት ይሰነጥቃል። ስለዚህ «ቦክሰኛው» ብሎ ሰየመው።

የገዛው ለዓይኖቹ ሲል ነበር። ሁለቱ ዓይኖች በየፊናቸው ይዞራሉ፤ አንዱ ምግቡን ሲያይ ሌላው ሰውየውን ያያል። ሥራው ዓይን ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እናቱ ከታመመች ወዲህ አትናገርም። የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እጇ ብቻ ነበር፤ እሱም አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ፣ «የነርቭ ነው፤ ትርጉም አትስጡት። ማንንም አይለዩም» ብሏል። መነጽር ሠሪው ተሳስቼ ሰምቼ ይሆን ብሎ ደግሞ ጠየቀ። መልሱ ያው ነበር።

መንኳኳቱ የጀመረው ገንዳው በገባ ሰሞን ነው። ጠቅ፣ ጠቅ። ተጠግቶ ሲያጎነብስ ያቆማል። ቦክሰኛው ከድንጋዩ ሥር ብቅ ብሎ ያየዋል።

ቦክሰኛውን የሸጠለትን ዓሣ ሻጭ ጠየቀው። «መስታወት ይመታል?»

«ይመታል እንጂ! ወንድሜ፣ ሳሎንህን ባሕር እንዳያደርግልህ።»

ገንዳውን ከውስጥ በወፍራም ፕላስቲክ ከለለው። መንኳኳቱ አልቆመም፤ ድምፁ እንኳ አልታፈነም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ትዕግሥቱ አለቀና መስታወቱን በጣቱ አንጓ ሁለቴ መታው።

ጠቅ፣ ጠቅ።

ሦስቴ መታ። ሦስቴ መለሰለት። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና መለሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ገንዳው ዘንድ ይሄዳል።

ይህን ለብቻው መያዝ አልቻለም። «እትዬ! ነይ ስሚ!»

ታላቅ እህቱ የቅባት ብልቃጥ ይዛ ከእናታቸው ክፍል ወጣች። «ምንድን ነው? አልጋው የእማዬን ጣት ልጦታል፤ ቀብቼ በብርድ ልብስ ጠቅልዬላት መምጣቴ ነው።»

መስታወቱን መታ። ምንም የለም። ደግሞ መታ። ዝም።

«አሁን መልሶልኝ ነበር እኮ!»

«እኔ እማዬ ጋ ስሆን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሰው ከውሻ ጋር ያወራል፤ አንተ ደግሞ ከትል ጋር!»

«ያውቀኛል እልሻለሁ።»

«እሱ ያውቅሃል። የወለደችህ ግን አታውቅህም።» እንባዋ መጣ። «ወገቤ አለቀ፣ ወንድሜ። አንዲት ምልክት ብታሳየኝ እግሯ ሥር ተኝቼ አስታምማት ነበር። ያመለከትንበት የማስታመሚያ ቤት አልጋ ተገኝቷል ብሏል። አንተው ወስን።»

መነጽር ሠሪው ገባ። የእናቱን እጅ ከብርድ ልብሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ታውቂኛለሽ?»

ዓይኗ ጣራው ላይ ነበር። እጇ እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ ያለውን አስታወሰና እስኪረጋ ድረስ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ብዙ ጠበቀ። ሌላ ምንም አልመጣም።

ወጥቶ እህቱን «እሺ» አላት።

በማግስቱ መኪና መጥቶ እናቱን ወሰዳት። እህቱ አብራ ሄደች። እሱ ቤት ቀረ፤ ገንዳው ፊት ተቀመጠና ሁለቴ መታ። ቦክሰኛው ብቅ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየው። ሦስቴ መታ። ምንም።

ውኃውን ለወጠ። ጨዉን ለካ፣ ሙቀቱን አስተካከለ፣ ፕላስቲኩንም አወጣለት። ትልቅ ቀንድ አውጣ ጣለለት። ቀናት አለፉ። ቦክሰኛው በላ፣ ጠገበ፣ አየው፤ መልስ ግን አልሰጠውም።

«አንተም አኮረፍከኝ?» አለው።

ስልኩ ጠራ። የማስታመሚያው ቤት ነርስ ነበረች፤ ድምፅዋ ትሑት ነው።

«ለሌሎቹ ሕሙማን ስንል ነው እንጂ እናትዎ አላስቸገሩንም። ግድግዳውን ሁለቴ ያንኳኳሉ፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ደግሞ ሦስቴ ያንኳኳሉ፣ ይጠብቃሉ። ዛሬ አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀነዋል፤ አያስቡ፣ አሁን ጸጥ ብለዋል።»