የባለይዞታው ቃል

ባለሙያው ግንዱን በመዶሻ ጀርባ አንኳኳና ጆሮውን ቅርፊቱ ላይ ለጠፈ። መድና ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ፊት ፊቱን ታየዋለች። እሷ ድምፁን ታውቀዋለች፤ የጽድ ዛፉ ውስጡ ባዶ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፎታል። ባለፈው ሐምሌ አንዱ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የማድ ቤቱን ጣሪያ ጨፍልቆታል፤ ደግነቱ እሷ ያኔ ውጭ ነበረች።

«ባዶ ይመስላል» አለ ባለሙያው። ይሄነው ይባላል፤ በቅርቡ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ቀና ብሎ የደረቀውን ጫፍ አየ። «ግን በወዲህ በኩል አረንጓዴ ነው። በመሣሪያ ካልተበሳ የውስጡን በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። መሣሪያው ደግሞ ደሴ ነው።»

በመካነ ሰላም ዋና መንገድ ዳር ቦታ ያለው ሁሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ በፕላኑ መሠረት ይሥራ፣ ያልሠራ ቦታው ለአልሚ ይሰጥ ተብሏል። መድና የመሥሪያ ገንዘብ አላጣችም፤ ልጇ ቀመር ጅዳ ላይ የሰው ቤት እየጠረገች ልካላታለች። ችግሩ ጽዱ ነው፤ የቆመው ልክ መሠረቱ በሚቆፈርበት ቦታ ላይ ነው። አገር በቀል ዛፍ ደግሞ ደርቋል፣ ለሰው ያሰጋል ተብሎ ካልተጻፈለት አይቆረጥም። ካልተቆረጠ የግንባታ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ቦታውም የለም። እንግዲህ የቀመር የስንት ዓመት ላብ በዚህ ልጅ እግር ባለሙያ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ይሄነው ክፉ ሰው አልነበረም። የመሰለውን ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወጣ። ያን ጊዜ ነው ከማዘጋጃ ቤት አብሮት የመጣው ኸይሩ ጉሮሮውን የጠራረገው።

ኸይሩን መድና አሳምራ ታውቀዋለች። ልጅ ሆኖ እዚሁ ግቢ ውስጥ ባሏ ሼህ አሕመድኑር ቁርኣን አቅርተውታል፤ እሷም ከልጆቿ ሳትለይ አብልታዋለች። ቦታውን የሚጠብቀው አልሚ የኸይሩ የሚስቱ ወንድም መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የማያውቅ የሚመስለው ኸይሩ ብቻ ነው።

«ባለይዞታው ቃላቸውን ይስጡ እንጂ» አለ ለስለስ ብሎ፣ ራቅ ብለው ደጃፉ ላይ ወደተቀመጡት ወደ ሼህ አሕመድኑር እያየ። «ከዛፉ ጋር የኖሩት እሳቸው ናቸው። ፎርሙም ይጠይቃል።»

መድና የሚመጣው ገባት። ሼህ አሕመድኑር በዕድሜያቸው ሙሉ ደህንነታቸውን ለጠየቃቸው ሰው ችግር ነግረው አያውቁም። ጥርሳቸውን ሲያማቸው አልሀምዱሊላህ፣ በሬያቸው ገደል ሲገባ አልሀምዱሊላህ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ቀብረው የተመለሱ ዕለት እንኳ መንገድ ላይ ያገኛቸው እንግዳ ሰው እንዴት ዋሉ ሲላቸው፣ ደህና፣ አልሀምዱሊላህ ብለውት ነው ያለፉት። ማማረር የአላህን ውለታ መካድ ነው ይላሉ፤ ደረሳውን ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩት ይህንኑ ነው። ከተማሩትም አንዱ ኸይሩ ነው።

መድና «እኔ ልንገራችሁ» ብላ ጣልቃ ገባች፤ ስለ ወደቀው ቅርንጫፍ ማውራት ጀመረች። ኸይሩ በትሕትና አቋረጣት። ካርታው በሼኹ ስም ነው፣ ቃል የሚሰጡትም እሳቸው ናቸው አላት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ እጃቸውን ሳመና፣ ሰው ሰላምታ እንደሚለዋወጥ አድርጎ ጠየቃቸው።

«ሼኽዬ፣ ዛፉ እንዴት ነው? ደህና ነው?»

የሼኹ ፊት በራ። የድሮ ደረሳቸው እጃቸውን ስሟል። «ደህና ነው፣ አልሀምዱሊላህ» አሉ።

«ቅርንጫፍ ወድቆ ነበር ሲሉ ሰማሁ። ያስቸግራችኋል እንዴ?»

«ምን ያስቸግረናል ልጄ። ማንንም አልነካ፤ አላህ ጠብቆናል። ሹክር ነው።»

ይሄነው ግራ ገብቶት አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ መድናን አየ። መድና በዓይኗ ለመነችው። እሱ ግን የእሳቸውን ልማድ ከየት ይወቅ፤ ባለቤቱ ደህና ነው ካሉ ደህና ነው። ጻፈ፤ ኸይሩም በትከሻው በኩል አጎንብሶ ቃል በቃል ተከታተለው። ዛፉ ጤናማ ነው፤ ባለይዞታውም ይህንኑ አረጋግጠዋል፤ ሊጠበቅ ይገባል። ሼህ አሕመድኑር እስክሪብቶውን ተቀብለው በዓረብኛ ፊደል አሳምረው ፈረሙ።

መድና ተቃጠለች። በኸይሩ ብቻ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ሌባን ረግመው ይተዉታል። የተቃጠለችው በባሏ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትኮራበት በኖረችው ምስጋናቸው ነው። ቀመር የሰው ወለል ስትወለውል የጨረሰችውን ጉልበት በአንድ አልሀምዱሊላህ ሸኙት። እሳቸው ደግሞ የሆነውን ነገር አላወቁም፤ እንግዶቹ አንድ ነገር ሳይቀምሱ ሊሄዱ ነው ብለው ተጨንቀው፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ እያሉ ይለምናሉ።

ኸይሩ ቀድሞ ወጣ። ይሄነው ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሊሰናበት ወደ መድና መጣ። ሲገባ በወጉ ሰላም ስላላላት ያን ሊያካክስ ይመስላል እጁን ዘረጋላት።

«እናቴ፣ ለመሆኑ እርስዎ ደህና ነዎት?»

መድና እጁን ያዘችው። በዕድሜዋ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ቃል ከሆዷ ፈልጋ አወጣችው።

«ደህና አይደለሁም» አለች፣ ዓይኑን እያየች። «ደህና አይደለንም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ይሄነው፣ እጇን ሞቅ አድርጎ ጨብጦ፤ ፊቱን ወደ ሞተር ብስክሌቱ አዙሮ ነበር።