ከሰንበቴ የመጣ የግመል ወተት

ጀይላን ጨፋ ላይ ከብት አድልቦ ሰንበቴ ገበያ የሚያወጣ ነጋዴ ነው። የበሬን ዕድሜ ከጥርሱ፣ የሰውን ውሸት ከዓይኑ ያነባል ይባልለታል። ይህን በብዛት የሚለው ራሱ ነው።

ሚስቱ ዘይና ከሚሴ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። ባሏን የምታስብ ሴት ናት። ሰሞኑንማ እንክብካቤዋ ለጉድ ነው። ደሴ ጨርቅ ልታመጣ ሄዳ፣ መኪና ጠፋ ብላ ከወትሮው ቆይታ ከተመለሰች ጥቂት ቀን በኋላ፣ ጠዋትና ማታ ጥቁር አዝሙድ የተለወሰበት ማር በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር። ለደም ጥሩ ነው አለችው። ማሩ ይመራል፤ ጥቁር አዝሙድ መቼ ጣፍጦ ያውቃል። እሷ ደግሞ ወገቤን አመመኝ ብላ ከልጆቹ ጋር መተኛት ጀምራለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ጀይላን ሲሸና አቃጠለው። ልብሱ ላይም የማያምር ነገር አየ። ወዲያው አንዲት ሴት ትዝ አለችው፤ የሰንበቴዋ ሻይ ቀጂ። ከረመዷን በፊት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ረመዷንን ጾሟል፣ የረመዷኑን የሌሊት ሶላት ተራዊሕን ቆሟል፣ ለአረፋ ሙክት አርዷል። አላህ ይቅር ያለው መስሎት ነበር፤ ለካ ነገሩ በሱሪው ውስጥ ሆኖ ሲጠብቀው ነው የከረመው።

የፈራው በሽታውን አልነበረም። የጎረቤታቸው የነጅዋ ባል እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የመጣ ጊዜ፣ ዘይና «እኔ ብሆን በነጋታው ልጆቼን ይዤ ሐርቡ አባቴ ቤት ነኝ» ማለቷን ያስታውሳል። ዘይና ያለችውን ታደርጋለች። ጀይላን ደግሞ ሚስቱን ይወዳል። ሌላው ጉራው ውሸት ቢሆን እንኳ ይሄ እውነት ነው፤ ቤቱን ያለ እሷ ማሰብ አይሆንለትም።

ሰው እንዳያየው ከከተማው ዳር ያለ ክሊኒክ መረጠ። ፊቱን በሽርጥ ሸፍኖ ሄደ። ባጃጅ ነጂው በስሙ ጠርቶ ሰላም አለው፣ ጫት ሻጯም በስሙ ጠርታ ጤናውን ጠየቀችው።

የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ለተማርያም ትባላለች። ጀይላን የመጣው ለጓደኛው መሆኑን ነገራት። ጓደኛው ሱሪውን ማውለቅ ስለሚኖርበት ራሱ ቢመጣ እንደሚሻል ስትመልስለት ጓደኛው እዚያው ተገኘ።

ምርመራው ሲያልቅ ጨብጥ መሆኑን ነገረችው። ክላሚዲያ የሚባልም ብዙ ጊዜ አብሮት ስለሚመጣ ለሁለቱም መታከም ነበረበት፤ አንድ መርፌ፣ ቀጥሎም ለሳምንት ጠዋትና ማታ የሚዋጥ እንክብል። አንድ ነገር ግን ግራ ገባት።

«የእርስዎ ቀለል ያለ ነው» አለችው። «ሌላው ሰው እያለቀሰ ነው የሚመጣው። ሌላ መድኃኒት እየወሰዱ ነው?»

አንዲትም አልወሰድኩም ብሎ በወላሂ ማለ። ደሙ ጠንካራ መሆኑንም ጨመረላት።

መቼ እንደያዘው ስትጠይቀው ከረመዷን በፊት አላት። ሲስተር ለተማርያም ቀና ብላ አየችው። ወንድ ላይ በቀናት፣ ቢዘገይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደሚታይ አስረዳችው። ጀይላን አሁንም ደሙን አመሰገነ፤ ይህን ያህል ጊዜ ይዞ ያቆየው እሱ ነው።

«ከዚያ ወዲህስ ከሌላ ሰው ጋር?»

«ከሚስቴ በቀር ከማንም።»

ነርሷ የምትጽፍበትን ብዕር አስቀመጠች። ጀይላን ያዘነችለት መሰለው። ከዚያ ሚስቱን ይዞ እንዲመጣ አጥብቃ ነገረችው፤ እሷ ካልታከመች እሱ መልሶ ይያዛል፣ ሴት ላይ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ተደብቆ ማህፀን ይጎዳል። ሁለቱም መድኃኒቱን ሳይጨርሱ እንዳይገናኙ፣ እንክብሉም ከወተት ጋር እንዳይወሰድ አስጠነቀቀችው። ጀይላን ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ፤ ልቡ ግን ሐርቡ ነበር።

ሚስቱን ይዞ መምጣት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አእምሮውን አሠራ። ከፋርማሲ አንድ ሳምንት የሚበቃ እንክብል ጨምሮ ገዛ፤ ሰንበቴ ወርዶ ደግሞ ከአፋሮቹ የግመል ወተት ገዛ። የግመል ወተት መድኃኒት መሆኑን የማያውቅ የለም፣ ለምን ጨው ጨው አለ ብሎ የሚጠይቅም የለም። እንክብሉን እየፈታ ዱቄቱን ወተቱ ውስጥ በጠበጠው።

«ለወገብሽ ነው» አላት፣ ኩባያውን ሲሰጣት።

ዘይና አሸተተችው። በከንፈሯ ነካ አደረገችው። ከዚያ ባሏን ረዘም አድርጋ አየችው፣ ቆይቼ እጠጣዋለሁ ብላም ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። የሰውን ሁሉ ዓይን የሚያነበው ጀይላን በሚስቱ ዓይን ውስጥ ፍቅር አነበበ።

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። እሱ ጠዋትና ማታ የራሱን እንክብል ተደብቆ ይውጣል፣ በላዩም የሚስቱን ማር ይልሳል። ሆዱ ይገለባበጥ ነበር። ኃጢአት ነው የሚያቅለሸልሸኝ ብሎ አስተግፊሩላህ ይላል። አብራው አለመተኛቷንም አላህ ነርሷ ያለችውን እንዲፈጽም ያመቻቸለት አድርጎ ወሰደው። ቃጠሎው ጠፋ። ልብሱ ጸዳ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዞ በሬ መነገዱ እያሳዘነው መጣ።

አንድ ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ እንደ ልማዱ ኩባያውን አቀረበላት። ዘይና ዛሬ ወደ ጓዳ አልወሰደችውም። አጠገቡ ተቀመጠችና ኩባያውን መልሳ እፊቱ አኖረችው። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ጀይላን፣ ይሄ እንክብል ከወተት ጋር አይሠራም» አለችው። «እኔስ ያንተን በማር የለወስኩልህ ለምን መሰለህ?»