ጨው የሌለው ምስር

በዚያ ዘመን ተማሪ ብቻውን መልሶ ሙሉ ነጥብ አያገኝም ነበር። ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው የሚበራ አምባር እጃቸው ላይ ያስሩና፣ የቡድኑ መልስ የሚመዘገበው አብዛኞቹ ተስማምተው አምባሩ አረንጓዴ ሲበራ ነው። ውዳላት ሁለት ዓመት ሙሉ ለቡድኗ ብቻዋን አጠናች፤ አራቱ ሲተኙ ከረሙ፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን አራት ነበሩ።

አንድ ቀን በትክክል የሠራችውን የድልድይ ስሌት በድምፅ ሲሽሩባት ትዕግሥቷ አለቀ። አምባሩን ፈትታ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው።

«ብቻሽን ከሠራሽ የምታገኚው ግማሽ ነጥብ ነው» አሏት መምህሩ።

«ግማሽም ቢሆን የራሴ ይሁን!» ብላ ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ሠራችው። ልክ ነበር።

ለምሳ ቤት ስትገባ አባቷ አቶ ደጀኔ ምስር ወጥ አቀረቡላት። «ጨውስ እንዴት ነው?» አሉ እንደ ወትሯቸው። ሌላ ቀን ቢሆን፣ አራቱ ያልተስማሙበትን መናገር ስለማትደፍር፣ ቤትም ሆና ዝም ትል ነበር። ዓይኗ በልማድ ወደ እጇ ሄደ፤ አምባሩ የነበረበት ቦታ ነጥቷል። ደግማ ቀመሰች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ጨው የሚባል አልነካውም!»

አቶ ደጀኔ ከት ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። «ራስሽ ቀምሰሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ሁለት ዓመት አብሬሽ ያለ ጨው በላሁ! በይ፣ ስንት ይበቃዋል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ውዳላት፤ ቆንጥራም ጨመረችበት።