አምስት ጥላዎች

ታናሽየው ከአባቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ካኮረፈው ዓመታት አልፈዋል። ገበታ ላይ እናትየው በመሃላቸው አስተርጓሚ ነበረች።

«አባትህ ጨው አቀብለኝ እያለህ ነው።»

«እጅ የለውም ወይ በይልኝ።»

አባትየው ይሰማል። ተነስቶ ራሱ ያነሳል።

የሁለቱም ሙያ አንድ ነው፤ ደጅ በተቀረጸ ፊልም ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራ ሕንፃ፣ መኪና ወይም ሕዝብ መክተት፣ እዚያው የነበረ እስኪመስል ድረስ። ያስተማረው አባቱ ነው። በሚነጋገሩበት ዘመን «ተመልካች የሚነቃብህ በመልኩ አይደለም፤ በጥላው ነው» ይለው ነበር።

ያጣላቸው የታላቅየው ነገር ነው። ታላቅየው የአንድ መጋዘን ሠራተኛ ነበር። አለቃው ራሱ የሰረቀውን በእሱ ላይ ለጥፎ አባረረው። ከአፉ ነጥቆ ታናሹን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ሌባ ተባለ፤ አቤት ያለበት ቢሮ ሁሉ «ነገ ና» አለው። ነገ ደግሞ አያልቅም።

በዚያው ሰሞን መጋዘኑ ተቃጠለ። ውስጥ የነበረ ዘበኛም አብሮ ሞተ።

አንዲት ጎረቤት ታላቅየውን ወደዚያ ሲሄድ አይቼዋለሁ አለች። እሱ በመንገዱ አልፌ ይሆናል እንጂ ደጃፉን አልረገጥኩም አለ። ነገሩ በዚሁ ተድበስብሶ ይቀር ነበር፤ ዳሩ ግን የዚያን ዕለት አባትየው ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ ለአንድ ፊልም ሜዳውን ሲቀርጽ ውሏል። ፖሊስ ይህን ሰምቶ መጣ። አባትየው «ልገልብጥላችሁ» ብሎ ጥቂት ቀን አስጠበቃቸውና ምስሉን በገዛ እጁ አስረከበ።

ምስሉ ላይ አምስት ሰዎች ከጭሱ እየሮጡ ይወጣሉ። አራቱ ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነዋል። የአምስተኛው ፊት ገሃድ ነው፤ ታላቅ ወንድም።

ዳኛው፣ ከአምስቱ እሳቱን የለኮሰው የማን እጅ እንደሆነ ስላልታወቀ የዕድሜ ልክ እስራቱን ትቼለታለሁ ብለው አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱበት። አራቱን ፖሊስ ፈልጎ ፈልጎ ታከተው፤ ምድር ትዋጣቸው፣ ሰማይ ይምጠጣቸው አልታወቀም። ታላቅየውም አጋሮችህን አውጣ ሲባል «የማንን ስም ልጥራ?» ከማለት በቀር አልተነፈሰም።

ታናሽየው የጠላው ዳኛውን አይደለም። ልጁን አሳልፎ የሰጠውን አባቱን ነው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ።

«ጋሼ፣ አወጣሃለሁ» ይለው ነበር እስር ቤት በሄደ ቁጥር።

«አርፈህ ሥራህን ሥራ። ለእማዬ ሰላም በልልኝ።»

በመጨረሻ ጠበቃው ከመዝገብ ቤት የምስሉን ቅጂ አወጣለት። ታናሽየው የሥራ ባልደረቦቹ ምሳ ሲወጡ ቢሮ ቀርቶ ከፈተው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መሬቱ ራቁቱን የቀረ። የመጋዘኑን ጥላ ጭሱ ሸፍኖታል። ጥላቸው የሚታየው ሰዎቹ ብቻ ናቸው።

የአራቱ ጥላ አጠር ብሎ ወደ ቀኝ ወድቋል። የወንድሙ ረዘም ብሎ ወደ ግራ።

አንድ ፀሐይ ሁለት ዓይነት ጥላ አይጥልም። ወንድሙ እዚያ አልነበረም፤ ተቀጥሎ ነው። አራት ለአንድ ስለሆነ ሌላ ማጣራት አላስፈለገውም። እንዲህ አድርጎ መቀጠል የሚችል እጅ ደግሞ አንድ ብቻ ያውቃል።

«አስብበት» አለው ጠበቃው። «መዝገቡ አንዴ ከተከፈተ እንደ አዲስ ነው የሚታየው። የነበረው ፍርድ እንዳልነበረ ይሆናል።»

«የምፈልገውም እሱን ነው።»

ማመልከቻው ገባ። ፍርድ ቤቱ የራሱን ባለሙያ መደበ። ታናሽየው ያን ቀን ማታ ገበታ ላይ ያለ አስተርጓሚ ተናገረ።

«ምስሉን ነክተኸዋል?»

አባትየው ማንኪያውን አስቀመጠ። «ነክቼዋለሁ።»

«ምን አልክ አንተ ሰውዬ?» አለች እናትየው።

«ልጄ፣ ተወው። የቀረው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ይወጣል።»

«ማን አሠራህ? አለቃው ነው?»

«ማንም አላሠራኝም። ማመልከቻውን አንሳ። በእናትህ።»

«እስቲ በእሷ ፊት ንገረኛ! ለምን ነካኸው?»

አባትየው አፉን ከፈተ። ከዚያ ሚስቱን አየ። ከተፈረደ ጀምሮ አልጋና ሐኪም ቤት የምትመላለሰውን፣ «የኔ ልጅ ጉንዳን አይረግጥም» እያለች የምትምለውን ሴት አየና መልሶ ዘጋው።

ታናሽየው ልብሱን ሰብስቦ ጓደኛው ዘንድ ገባ። አባቱ ሲደውል አያነሳም። ቢሮው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀው በጓሮ ወጣ።

የቀጠሮው ቀን ታላቅየውን በካቴና አመጡት። ታናሹን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም እንደሚል ሰው። ታናሽየው ፈገግ አለለት። ተስፋ መቁረጥ ለምዶበት ነው፣ ብሎ አሰበ።

ባለሙያው ቃሉን ሰጠ። ቃጠሎው በተነሳበት ወርና ሰዓት ቦታው ድረስ ሄዷል፤ በሙያው ደንብ መሬት ላይ የሚያብለጨልጭ ኳስ ተክሎ ፀሐይዋ በየት እንደምትመጣና ጥላ በየት እንደሚወድቅ ለክቷል።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ምስል ተነክቷል። በጥቂት ቀን ችኮላ የተሠራ፣ ግን የጎበዝ እጅ ነው።»

እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ታናሽየው ዞር ብሎ አባቱን ፈለገው። አባትየው ከኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ዓይኖቹን ጨፍኗል። ይበልህ፣ አለ ታናሽየው በልቡ። ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቃት ቀን ነበረች።

«የተጨመረውን ከምስሉ አውጥተህ አሳየን» አሉ ዳኛው።

ባለሙያው ቁልፉን ሲጫን ፊታቸውን የሸፈኑት አራቱ ከነጥላቸው ጠፉ፤ ታላቅ ወንድም ብቻውን ከጭሱ ወጣ።