የዘገየችው ጣት

«ባለቤዝ ጊታሯ መጫወት አትችልም አሉ። ለቁጥር ማሟያ ነው ያስገቧት አሉ» አለ ከበሮ መቺው ዛሬም፣ ፊቱን ለሜካፕ ሰጥቶ። በመስታወቱ ውስጥ ከራሷ ከባለቤዟ ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ፣ «እኔ አላልኩም እህቴ፤ ሰው ነው የሚለው» ብሎ ጨመረ።

«ያ ሰው ከበሮ ይችላል?»

ሜካፕ የምትቀባው ሴት ሳቋ አመለጣት። ከበሮ መቺው ዱላውን እንደ ማማሰያ የሚይዝ ተዋናይ ነው። ወሬውን ግን አይለቅም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ፊልሙ እውነት መስሎ የሚቀልድ ነው፣ ኖሮ ስለማያውቅ የሮክ ባንድ። ከአራቱ አባላት ሦስቱ ሙዚቃን በሩቁ ነው የሚያውቋት። እሷ ግን ቤዙን በውሰት ጊታር፣ ያለ አስተማሪ፣ ጣቷ እስኪላጥ ተምራዋለች። ምን ዋጋ አለው፤ ዘፈኑ ቀድሞ ተቀድቷል፣ ቤዙንም አንድ ስመ ጥር ሰውዬ ተጫውቶታል ተብላለች። የእሷ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ዞሮ ሳይሰካ ወለል ላይ ያልቃል።

ኩራቷን ቢነካትም በቅጂው የምትሰማውን የሰውዬውን እጅ ወዳዋለች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ብቻ አንዲት ጣቱ የፀጉር ያህል ትዘገያለች። ካሜራ እንዳያጋልጣት ብላ ያቺን መዘግየት ሳምንት ሙሉ በር ዘግታ አጠናቻት። የሰው ስህተት ማጥናት ከገዛ ስህተት ይብሳል።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ዳይሬክተሩ ወንዶቹን ስለ ዜማው፣ ስለ ዝናው ጠይቆ ሲያበቃ እሷን ካሜራው ፊት አስቀመጣት።

«በወንዶች መሃል ብቸኛዋ ሴት መሆን ምን ይመስላል?» ሲላት ይሄ ስድስተኛ ጊዜው ነው።

«ስለ ቤዙ ጠይቀኝ።»

«የኔ እመቤት፣ ቀልዱ እኮ እሱ ነው! ሴት ለታይታ በሚያስገቡ ባንዶች ላይ ነው የምንስቀው።»

«እናንተስ እኔን ለምን አስገባችሁኝ?»

ወደ ካሜራ አንሺው ዞሮ፣ «ይቺን ያዝካት?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ለመጨረሻው ዘፈን መድረኩ ሲስተካከል ወደ ድምፅ ባለሙያው ሄደች። ቀኑን ሙሉ ሄድፎን ከጆሯቸው የማይወርድ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ገመዴን ይሰኩልኝ። አንዴ የእኔ ይሰማ።»

«እኔም የታዘዝኩትን ነው፣ ልጄ» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ዘፈኑ ተለቀቀ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጣቷ ልክ እንደ ሰውዬው ዘገየች። ልብ ያለ የለም። ጭብጨባ ሆነ፣ መብራት ጠፋ፤ ከበሮ መቺው «ቻው፣ ማሟያ!» ብሎ ጉንጯን ስሞ ወጣ።

ሁሉም ሄዶ እሷ ጊታሯን ከነማንገቻው ታቅፋ ስትቀር ሽማግሌው ገመድ እየጠቀለሉ መጡ።

«ዛሬ ካልነገርኩሽ መቼም አልነግርሽ። ሰውዬው አልመጣም።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ቤዙን ይጫወታል የተባለው። ቀጥሮ ቀረ። ጭንቅ ሲሆንብኝ አንቺ ለፈተና የመጣሽ ቀን የቀዳሁትን ትንሽ አፍጥኜ አስገባሁት። ስትከተዪው የከረምሽው የገዛ እጅሽን ነው፣ ልጄ።»

«ስሜስ?» አለች።

«የፊልሙ የስም ዝርዝር ባለፈው ሳምንት ታትሞ አልቋል። ቤዙ ላይ ያለው የሱ ስም ነው።»

ወረቀትም የያዘውን አይለቅም።

ቁልቁል ጣቷን አየች። የፈተናው ቀን ትዝ አላት፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው፣ «ለቁጥር የምትገባዋ ይቺ ናት?» ሲል ሰምታ ቀና ብላ ነበር።